ማንበብ አማና ስለ መኾኑ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ኹሉ ለርሱ ይገባው፤ እዝነትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ፤ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ በመጀመሪያ ያሰናዳኋት በዐረብኛ ቋንቋ፣ በመድረሳ ለሚማሩ ደረሳዎቼ ምክር ትኾን ዘንድ ነበር። ኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ጐረቤቴ «ሸኻችን፤ ስለ ንባብ የጻፉት እኔ የማላነበው ከኾነ ለማን ጻፉት?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ። ስለዚህ ወደ አማርኛ መልሻት እነሆ በእጅህ ገብታለች። በትርጕሙ የተጓደለ ነገር ቢገኝ ጕድለቱ የኔ ነው።

ነገሬንም ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ፤ ሰው ሌላውን ከመገሠጹ በፊት ራሱን ቢገሥጽ ይሻላልና። የተወለድሁት በወሎ ገጠር ነው፤ ያደግሁትም ቁርኣን ቤት ነው። ጥላሸት ከምጣድ ሥር ፍቀን፣ በሙጫ በጥብጠን፣ የሸምበቆ ብዕር ቀርጸን፣ ማታ በእሳት ዙሪያ ተቀምጠን ሉሓችንን በጕልበታችን ላይ አስደግፈን እንቀራ ነበር። በ14 ዓመቴ የቁርኣንን እኩሌታ በቃሌ ይዤ ነበርና የመንደሩ ሰው ኹሉ «የተማረው ልጅ» ይለኝ ነበር። እኔም ይህን ስም ወደድሁት።

አንድ ቀን ባላቸው የሞቱባቸው ጐረቤታችን ማኅተም ያለበት ወረቀት በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። «ልጄ፤ አንተ የቀራህ ነህና እስቲ ይችን አንብብልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ነበር። እኔ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ከአማርኛውም ፊደል ከግማሹ በላይ አልለይም ነበር። ይህን ለመናገር ዐፈርሁ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞርሁ፤ ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ፤ ክቡን ማኅተም ባየሁ ጊዜ የአባቴን የግብር ደረሰኝ መሰለኝና «የግብር ነው፤ እስከ መኸር ይቈያል» አልኋቸው። እርሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።

ወረቀቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር። የሟች ባላቸው ዘመዶች በእርሻው መሬት ላይ ክስ አቅርበው ኖሯል። ቀጠሮው ሲደርስ ከሳሾች ቀረቡ፤ እርሳቸው ግን መኸሩን ይጠብቁ ነበርና አልቀረቡም፤ በሌሉበትም ተፈረደባቸው። ከነበራቸው ሦስት ጥማድ መሬት ኹለቱን አጡ።

አንባቢ ሆይ፤ አለማወቄ ኀጢአት አልነበረም፤ ፊደል ለይቶ የተወለደ ሰው የለምና። ኀጢአቱ የማላውቀውን ያወቅሁ መምሰሌ ነው። እኚያ ሴት በዚያ ወረቀት ውስጥ ሐቃቸውን አምጥተው በእጄ አኖሩ። በእጅህ የተቀመጠ የሌላ ሰው ሐቅ በሸሪዓችን አማና ይባላል። ወርቅ በአደራ ተቀብሎ ያጠፋ ሰው ዕዳ እንዳለበት ማንም ያውቃል፤ ደብዳቤ በአደራ ተቀብሎ በሐሰት ያነበበ ሰው ዕዳ እንዳለበት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

በሒራ ዋሻ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ610 ገደማ፣ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የወረደው የመጀመሪያው ወሕይ የማንበብ ትእዛዝ እንደ ነበረ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቃሉ። በዚያው ጊዜ በወረዱት ዐምስት አንቀጾች ውስጥ ብዕር መነሣቱንም ኹላችን እንቀራዋለን። የመልሱን ነገር ግን ብዙ ሰው በችኰላ ያልፈዋል። ጅብሪል እንዲያነቡ ባዘዛቸው ጊዜ ነቢያችን አንባቢ አለመኾናቸውን ተናገሩ። ትእዛዙ ሦስት ጊዜ ተደገመ፤ እርሳቸውም ሦስቱንም ጊዜ እውነቱን መለሱ። እኔ በአንዲት ባልቴት ፊት ለመናገር ያፈርሁትን ነገር ከፍጡራን ኹሉ በላጩ በመልአክ ፊት ሳያፍሩ ተናገሩት። ማንበብ የማይችል ወንድሙን የሚንቅ ሰው ይህን ሐዲስ ሰምቶ እንዴት እንደሚንቅ አይገባኝም።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ቃል ጥቂት ልበል። በኛ በሙስሊሞች አማርኛ «ቀራ» የምንለው ቃል ከዐረብኛው የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ አነበበ ማለት ነው። እኛ ግን «እገሌ ቁርኣን ቀራ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ በቃሉ ያዘ ማለታችን ነው። በቃል መያዝ ታላቅ ጸጋ ነው፤ እኔ አላቃልለውም። ቁርኣን በልቦች ተጠብቆ ከ1,400 ዓመታት በላይ ቈይቷልና። ይኹን እንጂ በቃል መያዝና ማንበብ ኹለት ሥራዎች ናቸው። ከደረሳዎቼ ብዙዎቹ የሚያውቁትን ሱራ በሚያውቁት ገጽ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ያወርዱታል። ያንኑ ሱራ ከመካከሉ ቈርጬ፣ ሐረካውን አንሥቼ፣ በሌላ ወረቀት ስጽፍላቸው ግን ይቆማሉ። ጣታቸው እንጂ ዐይናቸው አላነበበም ነበር። ይህን የምናገረው ልጆቹን ለማሳፈር አይደለም። የኛን የመምህራኑን አሠራር ለማሳየት ነው፤ እኛ ድምፁን ሰምተን «ማሻአላህ» ብለን እናልፋለንና።

ኢስላም በመጣ ጊዜ ከቁረይሾች መካከል መጻፍ የሚችሉ 17 ወንዶች ብቻ እንደ ነበሩ በ892 የሞተው የታሪክ ጸሐፊ አል-በላዙሪ ዘግቧል። መዲናም በዚህ ረገድ ከመካ የተሻለች አልነበረችም። እንግዲህ በሂጅራ 2ኛ ዓመት (በ624) የበድር ጦርነት ተደርጎ 70 ያህል ምርኮኞች በተያዙ ጊዜ የኾነውን አስብ። ሀብታሞቹ ከእነርሱ እያንዳንዳቸው እስከ 4,000 ዲርሃም ድረስ እየከፈሉ ተለቀቁ። ሙስሊሞቹ ግን የተራቡ ስደተኞች ነበሩ፤ ገንዘቡ እጅግ ያስፈልጋቸው ነበር። ይህም ኾኖ ገንዘብ የሌለው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችል ምርኮኛ ዐሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት ካስተማረ ነጻ እንዲወጣ ተወሰነ። የፊደል ዋጋ በዲርሃም ፈንታ ተቈጠረ።

ኢማም አሕመድ ከኢብን ዐባስ ባስተላለፉት ዘገባ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ከመጻሕፍት ኹሉ ያነበብሁት ያህል በልቤ ቀርቷል። ከነዚያ ልጆች አንዱ እያለቀሰ ወደ አባቱ መጣ። አባቱም ምን እንደ ኾነ ቢጠይቀው መምህሩ እንደ መታው ነገረው። አባትየው ተቈጣ፤ ያ ክፉ ሰው የበድርን ደም በልጁ ላይ ሊበቀል ነው ብሎ ልጁ ዳግመኛ ወደርሱ እንዳይሄድ ማለ። ይህን ስሰማ ኹለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው፣ ልጆቻቸውን ከጠላታቸው እግር ሥር አስቀምጠው ፊደል ያስቈጠሩት ሰዎች ምን ያህል ትዕግሥት እንደ ነበራቸው ነው፤ መምህሩ ጣዖት አምላኪ መኾኑ ፊደሉን አላረከሰባቸውም። ኹለተኛው፣ አለንጋ ልጅን ከፊደል እንደሚለይ ነው። በቁርኣን ቤት የምታስተምር ወንድሜ ሆይ፤ አለንጋህን ስታነሣ ያንን የሚያለቅስ ልጅ አስታውስ። እኔም ተገርፌአለሁ፤ ከተገረፍሁበት ቀን ትምህርት የማስታውሰው ግን አለንጋውን ብቻ ነው።

ስለ ራሴ ከጀመርሁ አይቀር የምርኮኞቹን ነገር ለምን እንደምወድ ልንገርህ። ፍርዱ ከተሰማ በኋላ ከኀፍረቴ የተነሣ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ለማንም ሳልናገር ወደ አንድ የጐረቤት ልጅ ሄድሁ፤ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። እኔ ፍየሎቹን እጠብቅለታለሁ፤ እርሱም በዚያው ሜዳ አፈሩ ላይ በእንጨት እየጻፈ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያስቈጥረኛል። ስሳሳት ይሥቃል፤ እኔም እታገሣለሁ። ከክረምቱ መግባት እስከ መስከረም ድረስ አነበብሁ። እኔ «የተማረው ልጅ» ከዘጠኝ ዓመት እረኛ ፊት ተማሪ ኾኜ መቀመጤ ከሕይወቴ ትምህርት ኹሉ የጠቀመኝ ነው።

ከምርኮኞቹ ዘንድ ጽሕፈት ከተማሩት ልጆች አንዱ ዘይድ ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ.) እንደ ነበረ ይነገራል። ነቢያችን ወደ መዲና ሲገቡ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረ። ኋላም ነቢያችን የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ ስለ ደብዳቤዎቻቸው የሌላው ወገን ንባብ አላስተማመናቸውምና። ዘይድም በ15 ቀን ያህል ተማረው፤ ከዚያ ወዲህ ለእነርሱ የሚጻፈውን ይጽፍ፣ ከእነርሱ የሚመጣውን ያነብ ነበር። ይህን ሐዲስ ቲርሚዚ ዘግበውታል። በሌላ ሰው ንባብ ላይ መንጠልጠል ምን ያህል አስጊ እንደ ኾነ ከዚህ ተማር። የአላህ መልእክተኛ የራሳቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው የታመነ ሰው ካስፈለጋቸው፣ መጥሪያ የደረሳት ባልቴትማ ምን ያህል ያስፈልጋት! የሌላን ሕዝብ ፊደል መማርም ከሃይማኖት መራቅ እንዳልኾነ ዘይድ ምስክር ነው። በልጅነቴ የአማርኛን ፊደል መማር ከቁርኣን ያዘናጋል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ አላህ ይቅር ይበላቸው። የወሎ ሊቃውንት ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈርን (በ1936 እ.ኤ.አ. የሞቱትን) የመሰሉት፣ ሕዝቡ እንዲገባው ብለው አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጕሞ ታተመ። ፊደል ዕቃ ነው፤ የሚጠየቀው በውስጡ ስለሚቀመጠው ነገር ነው።

ዘይድ የማንበብን አማና እስከ መጨረሻው ተሸክሟል። በ633 ገደማ በየማማ ጦርነት ብዙ ቁርኣን የያዙ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ ዑመር ለአቡበክር ምክር አቀረቡ፤ ዘይድም በተምር ዝንጣፊ፣ በስስ ድንጋይና በሰዎች ልብ የነበረውን ኹሉ እንዲሰበስብ ታዘዘ። በቃል የያዙት ቢሞቱ የተጻፈው ይተርፋል ተብሎ የታሰበው ያን ጊዜ ነው። የተሰበሰበውም ጽሑፍ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዑመር በኋላ ወደ ልጃቸው ወደ ሐፍሷ ተላለፈ፤ ዑስማንም ቅጂዎቹን ባስጻፉ ጊዜ ከሐፍሷ ተውሰው መለሱላቸው።

እኅቴ ሆይ፤ ይህን ስፍራ በችኰላ አትለፊው። ሐፍሷ ጽሕፈት የተማሩት ከማን ነው? አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ ከምትባል የቁረይሽ ሴት ነው። ነቢያችንም አሽ-ሺፋእን ጽሕፈት እንዳስተማርሻት ኹሉ የሕክምናውንም ሩቅያ አስተምሪያት ብለው እንደ ነገሯት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። እንግዲህ አንዲት ሴት ሌላዪቱን ሴት አስተማረች፤ የተማረችውም ሴት ቤት የቁርኣን ጽሑፍ መጠበቂያ ኾነ። ሴት ልጅ መጻፍ ብትችል ደብዳቤ ትጻጻፋለች እያሉ የሚከለክሉ አባቶችን አውቃለሁ። የሐፍሷ አባት ዑመር በልጃቸው ላይ እንዲህ አልፈሩም።

አሁን ወደ ዕዳው አንቀጽ እንምጣ። ከቁርኣን አንቀጾች ኹሉ ረዥሙ ስለ ምን እንደ ኾነ ታውቃለህን? ብዙ ሰው ስለ ጀነት ወይም ስለ እሳት ይመስለዋል። በአል-በቀራ ሱራ የሚገኘው 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ ወረቀት ነው። ትእዛዙን በራሴ አነጋገር ላስረዳህ። እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቈይ ዕዳ የተዋዋሉ ሰዎች ዕዳውን ያጽፉ። ጸሐፊውም ለአንዱ ሳያደላ ይጻፍ፤ ችሎታው ከአላህ የተሰጠው ነውና ተለምኖ እንቢ አይበል። ዕዳው ትንሽ ነው ተብሎ መሰልቸት አይገባም። እጅ በእጅ ለሚያልቅ ሽያጭ ግን ባይጻፍ ነውር የለበትም። ምስክሮች ይቁሙ፤ ምስክሩም ጸሐፊውም አይጐዱ። ከሊቃውንት ብዙዎቹ ይህን ትእዛዝ እንደ ምክር፣ አጥ-ጠበሪን የመሰሉ ደግሞ እንደ ግዴታ ተረድተውታል፤ ክርክሩን ለፊቅህ መጻሕፍት እንተወው።

እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ለጸሐፊው ቃሉን የሚናገረው ማን ነው? ገንዘብ ያለው አበዳሪ ሊኾን ይችል ነበር፤ በዓለም ልማድ የሚናገረው ገንዘብ ያለው ነውና። አንቀጹ ግን ዕዳው ያለበት ሰው ይናገር፣ ጸሐፊው ከርሱ አፍ ይጻፍ አለ። ተበዳሪው መናገር የማይችል ቢኾን ኀላፊው በርሱ ፈንታ በትክክል ይናገር አለ። ብድር የሚፈልግ ሰው አንገቱን የደፋ ነው፤ በደፋበት ጊዜ ሌላው የፈለገውን ቢጽፍበት አይከራከርም። አላህ ግን ቃሉን በደካማው አፍ አኖረ።

እስቲ ይህን ይዘህ በየሰፈራችን ያለውን የዱቤ መዝገብ ተመልከት። ባለሱቁ ይጽፋል፤ ባለሱቁ ያነባል፤ ባለሱቁ ይደምራል። ተበዳሪው ዘይቱንና ሳሙናውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ በወር መጨረሻ ስንት እንዳለበት የሚሰማው ከባለሱቁ አፍ ነው። ባለሱቆቻችን ሌቦች ናቸው አላልሁም፤ እውነተኞቹ ይበዛሉ። ነገር ግን ሥርዐቱ ተገልብጧል። ባለሱቅ የኾንህ አንባቢ ሆይ፤ ደንበኛህ ፊደል ባያውቅ የወሰደውን ራሱ ይናገርና አንተ ጻፍ፤ የጻፍኸውንም ጮኽ ብለህ መልሰህ አንብብለት፤ ልጁ የሚያነብ ከኾነ ልጁን ጥራው። ይህ አንቀጹን በሱቅህ ውስጥ መቅራት ነው።

ስለ ኑዛዜም እንዲሁ ነው። የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ከአጠገቡ ሳይኖር ኹለት ሌሊት ሊያድር እንደማይገባው ኢብን ዑመር ከነቢያችን ሰምተው አስተላልፈዋል። በኛ አገር ግን ሰው ይሞትና ወንድማማቾች «አባታችን እንዲህ ብሎኛል» «የለም፤ ለኔ እንዲህ ብሎኛል» እያሉ ዐሥር ዓመት ይካሰሳሉ።

ዛሬ ደግሞ ወረቀቱ በዝቷል። የመድኀኒቱ ብልቃጥ በላዩ ጽሕፈት አለው፤ የሚጠጣውንና የሚቀባውን የሚለየው እርሱ ነው። ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ማንበብ የማይችሉ አባት ስልኩን ከምሥጢር ቍጥሩ ጋራ ለማያውቁት ጐረምሳ አሳልፈው ይሰጣሉ። በውል ላይ አውራ ጣታቸውን የሚያኖሩ ሰዎች ከጣታቸው በላይ ያለውን ጽሑፍ አያውቁም።

ከዚህ ኹሉ የሚከብደኝ የሴት ልጆቻችን ውል ነው። ከወሎና ከሌሎችም ስፍራዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ። ዐረብኛ ያለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ወደ ሸኻቸው ያመጡታል፤ ሸኹ የዐረብኛ ሊቅ ነውና። እኔም ዘንድ መጥተዋል። ደረሳዎቼ ሆይ፤ ይህን ለናንተ ጽፌዋለሁ። ወረቀቱ ሐረካ የለውም፤ ቃላቱም ከኪታባችን የወጡ ይመስላሉ፣ ነገር ግን አይደሉም። በፊቅህ «ከፊል» ስለ ሌላው ዕዳ ዋስ የኾነ ሰው ነው። በውሉ ውስጥ ያለው «ከፊል» ግን አሠሪው ነው፤ የልጅቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከርሱ ጋራ የታሰረ ነው። በአንዳንዶቹ አገሮች ሕጉ በቅርብ ዓመታት ቢሻሻልም ቃሉን በኪታቡ ትርጕም ያነበበ ሰው «ዋስ አለሽ፤ አትፍሪ» ብሎ ሊልካት ይችላል። ይህ ከኔ የግብር ደረሰኝ በምን ይሻላል? የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ «ይህን አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» በሉ። ደመወዙን፣ የዕረፍቱን ቀን፣ ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ውሉ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ፈልጉና አንድ በአንድ ንገሯት። ቅጂውንም ለእናቷ አስቀሩላት።

የእናት ነገር ከተነሣ የናቴን ልንገርህ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር፤ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተካኺዷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ለዘመቻው ሽልማት ሰጥቷል። እናቴ እኔን አዝላ ተማረች። ስሟን ጻፈች፤ ፈተናውን አለፈች፤ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ በሣጥኗ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ዛሬ ግን እናቴ ወረቀቱን ማንበብ አትችልም። በቤታችን ምንም የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ የሚጽፍላትም የለ፤ የምትጽፍለትም የለ፤ ስለዚህ ፊደሉ ቀስ በቀስ ከእጇ ወጣ። ስለዚህ ነገር እርሷን አልወቅስም፤ ራሴን እወቅሳለሁ። እኔ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር በሄድሁ ጊዜ ለርሷ የምልከውን ደብዳቤ ለአጎቴ እጽፍ ነበር፤ «እርሷ አታነበውም» ብዬ። በትልቅ ፊደል አንድ መስመር ለርሷ ብቻ ብጽፍ ኖሮ ታነበው ነበር። ዩኔስኮ እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጐልማሶች ዛሬም ከ700 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከሦስት እጅ ኹለቱ የሚጠጉትም ሴቶች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ እንደ እናቴ ተምረው የረሱ ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደዚያች ወረቀት ልመለስ። ፊደል ከቈጠርሁ በኋላ ወደ ጐረቤታችን ለመሄድ ኹለት ዓመት ፈጀብኝ። ሄጄም ያንን ወረቀት እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። ከጓዳ አወጡት፤ እንደ ታጠፈ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው፤ ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ ባይቀርቡ በሌሉበት እንደሚፈረድ የሚለውንም። ከዚያም ያን ጊዜ ማንበብ እንደማልችልና እንደ ዋሸሁ ነገርኋቸው። ራሴን አጐንብሼ ስቈይ፣ «ልጄ፤ ያን ዕለትም ፊትህን አይቼ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ሌላ የሚያነብልኝ ማን ነበረኝ?» አሉኝ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሲያምኑኝ ወደው አልነበረም፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። አንባቢ ሆይ፤ ደብዳቤ ይዞ በፊትህ የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ሳታሳጥር ኹሉንም አንብብለት፤ ያልገባህን አልገባኝም በል፤ የሰማኸውን ምሥጢር ከቤቱ አታውጣ፤ ገንዘብም አትቀበል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ወዳንተ መምጣት እንዳያስፈልገው አድርገው። እኛ በመድረሳችን ሐሙስና ዓርብ ትምህርት የለም፤ በነዚያ ቀናት ጐልማሶቹ ደረሳዎች ለሰፈሩ ሰዎች ፊደል ያስቈጥራሉ። መጽሐፍ ከመያዛቸው በፊት በእጃቸው ያለውን ይዘው ይመጣሉ፦ የመድኀኒት ካርቶን፣ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ካርድ፣ ስልካቸውን። ከዚያ የተጀመረ ንባብ አይረሳም፤ ቤታቸው ሲገቡ እዚያው ያገኙታልና።

እኚያን ጐረቤታችንንም ላስተምራቸው ፈለግሁ። «ዕድሜዬ አልፏል» አሉኝ። አጥብቄ ስለምናቸው «እንግዲያው ፊደሉን ተወው፤ ቍጥሩን ብቻ አሳየኝ፤ ቀኑን ልወቅ» አሉኝ። በልጅነቴ በቀራሁበት አሮጌ ሉሕ ላይ ከ1 እስከ 30 ጻፍሁላቸው። ሉሑን ከደጃፋቸው ምሰሶ ላይ ሰቀሉት፤ ጧት ጧት ወጥተው በጣታቸው የዕለቱን ቍጥር ይነኩ ነበር።

አላህ ይማራቸው፤ በእጄ የጠፋባቸውንም በተሻለ ይተካላቸው። በሜዳው ላይ ላስተማረኝ ልጅም ዕድሜ ይስጠው። አሚን።